ለዓባይ ማደሪያ ያሰሉት ሰው

የሃሮልድ ኸርስት የሕይወት ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን አባባል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። አባባሉ የሚነገረው በቁጭት ነው። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈራችንንና ዛፋችንን ጠርጎ ይሄዳል፤ የሚያድርበት ቤት ግን ለዘመናት አልነበረውም። ይህን ጉዳይ ከቁጭት አውጥተው ወደ ሒሳብ የወሰዱ፣ ለዓባይ ማደሪያ ቢሠራለት ምን ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሰሉ አንድ ሰው ነበሩ። ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት ይባላሉ። በውሃ ምህንድስና ሙያ ስማቸው በዓለም የታወቀ፣ በግብፅ ደግሞ የዓባይ አባት እስከ መባል የደረሱ እንግሊዛዊ ናቸው።

ክቡራን አንባቢያን፣ የእኒህ ሰው ታሪክ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ምን አመጣው የሚል ጥያቄ ልታነሡ ትችላላችሁ። መልሱ አጭር ነው። ኸርስት ከ60 ዓመት በላይ የደከሙበት ጥያቄ እኛ በየጠቅላላ ጉባኤው የምናነሣው ጥያቄ ነው፤ ከጥጋቡ ዘመን ላይ ምን ያህል ቢቀመጥ ክፉውን ዘመን ያሻግራል? እሳቸው ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ ማንም ካሰበው የተለየ ነበር። መልሱ የተገኘው ከእኛ ተራሮች በሚወርድ ውሃ ላይ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ የእኛ ያደርገዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆኑ ዓ.ም. በሚል ምልክት ለይተናቸዋል።

የግንበኛው ልጅ

ኸርስት የተወለዱት በጃንዋሪ 1 ቀን 1880 በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ከተማ አካባቢ ነው። አባታቸው ቤት በመሥራት የሚተዳደሩ የመንደር ግንበኛ ነበሩ። ቤተሰቡ በአካባቢው ለረጅም ዘመን የኖረ ቢሆንም ሀብታም የሚባል አልነበረም። ኸርስት በትምህርት ቤት ጥቂት ኬሚስትሪ ተምረው፣ ከአባታቸው ደግሞ የአናጢነት ሙያ ቀስመው በ15 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋረጡ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ኸርስት ግን ቀን ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነው እየሠሩ፣ በማታ ትምህርት ራሳቸውን አሻሻሉ። በ20 ዓመታቸው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከሒሳብ ጋር ብዙ ታግለዋል፤ መሠረቱን በጊዜው አላገኙትምና። በመጨረሻ ግን በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለሦስት ዓመት በመምህርነት አስቀራቸው።

ሒሳብ ያስቸግራቸው የነበሩት እኒህ ሰው በኋላ ስማቸው በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የማይጠፋ ሆነ። ዘግይቶ መጀመር ሥራን እንደማያስቀር የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ነው።

ለአጭር ጊዜ ብለው ሄደው 62 ዓመት

በ1906 ኸርስት በ26 ዓመታቸው ወደ ግብፅ ሄዱ። ሐሳባቸው ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ መመለስ ነበር። የቆዩት ግን 62 ዓመት ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው ከወንዝ ጋር የተያያዘ እንኳ አልነበረም። ካይሮ ውስጥ እኩለ ቀን ሲሆን ከከተማው ምሽግ አንድ መድፍ ይተኮስ ነበር። መድፉ በትክክለኛው ደቂቃ እንዲተኮስ ሰዓቱን ከኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ወደ ምሽጉ የማስተላለፍ ኃላፊነት ከተሰጣቸው ተግባራት አንዱ ሆነ። ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ልኬቱ ሥራ ገቡ፤ በኋላም በመንግሥት የሥራ ሚኒስቴር ሥር የነበረውን የፊዚክስ መምሪያ ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት መሩ።

እሳቸው ግብፅ ሲደርሱ የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ሥራው ካለቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ ግድብ የሚሠራው ለዓመቱ ብቻ ነው። የክረምቱ ደለል የበዛበት ጎርፍ ካለፈ በኋላ ጭራውን ይይዝና በበጋው ወራት ለመስኖ ይለቀዋል። በሚቀጥለው ክረምት ባዶ ሆኖ አዲሱን ውሃ ይጠብቃል። ጎተራውን በየዓመቱ ጠርጎ ጨርሶ አዲስ ምርት እንደሚጠብቅ ገበሬ ነው። አንድ ክረምት ቢከዳ ከአምናው የተረፈ ነገር የለም።

ኸርስት ሥራ በጀመሩ በሰባተኛው ዓመት ይህ ደረሰ። በ1913 የዓባይ ጎርፍ እጅግ ዝቅ አለ፤ በዓመቱ አስዋን የደረሰው ውሃ ከለመደው መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በዘመናዊ መንገድ ከተለኩት ዓመታት ሁሉ ዝቅተኛው ይህ ዓመት ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ የተሠራ ማደሪያ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

ወንዝ እንዴት ይለካል?

ስለ ኸርስት ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ ወንዝ የሚለካበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። መሣሪያው ቀላል ነው። በወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይተከላል። አንድ ሰው በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ በመዝገብ ያሰፍራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የወንዙ ስፋት፣ ጥልቀትና የውሃው ፍጥነት ይለካል። ሦስቱ ሲባዙ በሴኮንድ የሚያልፈው ውሃ ይገኛል።

ለምሳሌ አንድ ወንዝ 10 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር አማካይ ጥልቀት ቢኖረው፣ ውሃውም በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ፣ በሴኮንድ 5 ሜትር ኩብ ማለትም 5,000 ሊትር ውሃ ያልፋል። በ24 ሰዓት 432,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ልኬት ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም ከተደጋገመ በኋላ የዘንጉን ቁጥር ብቻ በማየት ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ ማወቅ ይቻላል።

ኸርስትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሥራ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር እስከ መካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች ድረስ ዘረጉት። ኸርስት ራሳቸው የወንዙን አገር በጀልባ፣ ከተሸካሚዎች ጋር በእግር፣ በብስክሌት፣ በኋላም በመኪናና በአውሮፕላን ዞረዋል። ውጤቱም የናይል ተፋሰስ በሚል ርዕስ ከ1931 ጀምሮ በተከታታይ ቅጾች ታተመ። እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው ሰንጠረዥ ናቸው፤ የቀን፣ የወርና የዓመት ቁጥሮች። በአንድ ወንዝ ላይ ይህን ያህል የተሟላ መዝገብ ያላቸው አገሮች በዚያ ዘመን ጥቂት ነበሩ።

በረዶ ያላቸው አገሮችና ዓባይ

የወንዝን ውሃ አስቀድሞ መተንበይ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ኔቫዳ በሚባለው ግዛት ጄምስ ቸርች የሚባሉ የላቲን ቋንቋ መምህር ነበሩ። እኒህ መምህር ኸርስት ግብፅ በገቡበት ዘመን አካባቢ ሮዝ በሚባል ተራራ ላይ በክረምት እየወጡ የበረዶውን ክምር በረጅም ባዶ ቱቦ ወግተው በሚዛን መመዘን ጀመሩ። በረዶ ለስላሳም ጠጣርም ሊሆን ስለሚችል ቁመቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲቀልጥ የሚወጣውን ውሃ የሚናገረው ክብደቱ ነው። በክረምቱ መጨረሻ የተመዘነው በረዶ ከለመደው ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ በመቶኛ ከታወቀ፣ በበጋ የሚወርደው የወንዝ ውሃም በዚያው መጠን ይገመታል። ቸርች በዚህ ዘዴ በ1911 የታሆ ሐይቅ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድመው በመተንበያቸው፣ በሐይቁ ዳር ባለይዞታዎችና ውሃውን በሚለቀው የኤሌክትሪክ ኩባንያ መካከል የነበረው ጭቅጭቅ እንዲረግብ ረድተዋል። ዛሬ በበረዶ የሚመገቡ ብዙ ወንዞች ውሃ የሚከፋፈለው በዚሁ ዓይነት ልኬት ነው።

የዚያ አገር ገበሬ ዕድለኛ ነው። የሚመጣው ውሃ ተራራው ላይ ተቀምጦ ለወራት ይጠብቀዋል። ተራራው ራሱ ጎተራ ነው። በእኛ ግን በሰሜን ተራሮች አናት ላይ በረዶ አልፎ አልፎ ቢጥልም ወንዝ ለመመገብ የሚበቃ ክምር አይሆንም። ውሃችን በዝናብ መጥቶ በዝናቡ ወቅት ይሄዳል።

ስለዚህ ዓባይን ለመተንበይ የነበረው መንገድ ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው ከላይ ያለውን ዘንግ አንብቦ ወደ ታች መልእክት መላክ ነው። ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ሱዳን በሚገባበት በሮዛሪስ አካባቢ የተነበበው ቁጥር በቴሌግራፍ ሲላክ፣ ግብፅ ጎርፉ ከመድረሱ ከሳምንት በላይ አስቀድማ ታውቃለች። ይህ ለጎርፍ መከላከል ይበቃል፤ ለእርሻ ዕቅድ ግን አይበቃም። ሁለተኛው መንገድ የዘመናትን መዝገብ አገላብጦ የወንዙን ጠባይ ማጥናት ነው። ኸርስት የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። የሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ይሆናል ብለው አልተነበዩም። የጠየቁት ሌላ ነው፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ዘመን ለማለፍ ምን ያህል ውሃ መቀመጥ አለበት?

ዓመታት ተያይዘው ይመጣሉ

እዚህ ላይ የታሪኩ ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል።

በካይሮ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ ጥንታዊ የውሃ ከፍታ መለኪያ ምሰሶ አለ። በዓመቱ የጎርፍ ከፍታ መሠረት ግብር ይወሰን ስለነበር ቁጥሩ በጥንቃቄ ይመዘገብ ነበር። አልፎ አልፎ ቢቋረጥም ከ622 ጀምሮ የተነበቡ ቁጥሮች ለትውልድ ተላልፈዋል። ኸርስት ይህን ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ መዝገብ በእጃቸው አስገቡ።

የዘመኑ መሐንዲሶች ዓመታትን እንደ ሳንቲም መጣል አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። ዘንድሮ ጥሩ ሆነ ማለት ለከርሞ ምንም አይናገርም፤ ጥሩና መጥፎ እየተፈራረቁ ይቻቻላሉ የሚል ነበር አስተሳሰቡ። በዚህ ስሌት መሠረት የሚታቀድበት ዘመን አራት እጥፍ ቢረዝም፣ የሚያስፈልገው ማደሪያ ሁለት እጥፍ ብቻ ያድጋል።

ኸርስት በእርግጥም ሳንቲም እየጣሉ፣ የተለየ የካርታ ጥቅል ሠርተው እየበወዙ ሞከሩት። ከዚያም ከዓባይ መዝገብ ጋር አስተያዩት። አልገጠመም። በዓባይ ላይ ዘመኑ አራት እጥፍ ሲረዝም የሚያስፈልገው ማደሪያ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ምክንያቱ ጥሩ ዓመታት ከጥሩ ዓመታት ጋር፣ መጥፎ ዓመታትም ከመጥፎ ዓመታት ጋር ተያይዘው የመምጣት ጠባይ ስላላቸው ነው።

ነገሩን በእህል እንየው። አንድ ማኅበር በየዓመቱ የሚያስፈልገው 1,000 ኩንታል ነው እንበል። በጥሩ ዓመት 1,100፣ በመጥፎ ዓመት 900 ኩንታል ያገኛል። በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ጥሩ፣ አምስት መጥፎ ቢሆን አማካዩ 1,000 ነው። ጥሩና መጥፎ ዓመት አንድ በአንድ ቢፈራረቁ 100 ኩንታል የሚይዝ መጋዘን ይበቃዋል። አምስቱ ጥሩ ዓመታት በመጀመሪያ፣ አምስቱ መጥፎዎች ተከትለው ቢመጡ ግን 500 ኩንታል የሚይዝ መጋዘን ያስፈልገዋል። አማካዩ አልተለወጠም፤ የመጋዘኑ መጠን ግን አምስት እጥፍ ሆነ። አማካይ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚያቅድ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የዓባይ የቅርብ ዘመን መዝገብም ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1870 እስከ 1898 ድረስ በነበሩት ዓመታት አስዋን የሚደርሰው ውሃ በአማካይ ወደ 110 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት ወደ 84 ቢሊዮን ወረደ። በመጀመሪያው ዘመን ለክቶ ለሁለተኛው ያቀደ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ኸርስት በዚህ አላበቁም። የሌሎች ወንዞችን መዝገብ፣ የዝናብና የሙቀት ቁጥሮችን፣ የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን፣ በሐይቅ ሥር የተነባበረ ደለልን፣ ሌላው ቀርቶ የስንዴ ዋጋን ሳይቀር መረመሩ። ያው ጠባይ በብዙዎቹ ላይ ታየ። ውጤቱን በ1951 አሜሪካ ውስጥ በሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ሕትመት ላይ ሲያወጡ የ71 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ከሥራቸው ትልቁ የተሠራው ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ነው። በኋላ ማንደልብሮት የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ይህን ጠባይ በዮሴፍ ስም ጠሩት። ዮሴፍ በኦሪት ዘፍጥረት የፈርዖንን ሕልም ፈትቶ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት እህል ያስቀመጠው ነው። በቁርዓንም ታሪኩ አለ። አባቶቻችን በእምነት የሚያውቁትን ኸርስት በመዝገብ አረጋገጡት ማለት ይቻላል።

ማደሪያው የት ይሁን?

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ማደሪያው የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ኸርስት ከብላክና ከሲማይካ ጋር በ1946 ባሳተሙት ቅጽ የመቶ ዓመት ክምችት የሚባለውን ዕቅድ አቀረቡ። ውሃው በበረሃ ከሚቀመጥ ይልቅ ከላይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ትላልቅ ሐይቆችና በጣና ሐይቅ እንዲጠራቀም የሚል ነበር። በሱዳን ረግረግ የሚባክነውን ውሃ የሚያሻግር ቦይም በዕቅዱ ነበረበት።

ጣና በዕቅዱ ውስጥ መግባቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ብላክ ከግራብሃም ጋር ሆነው በ1920 እና በ1921 ሐይቁ ድረስ መጥተው አጥንተዋል። የኢትዮጵያ መንግሥትም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ አስጠንቶት ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የካይሮ ስሌት የተሠራው ለታችኛው አገር ጥቅም እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ገበሬ፣ በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማት፣ በዚያ ስሌት ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ኸርስት ጥሩ ለኪ ነበሩ፤ የቀጠራቸው ግን ሌላ መንግሥት ነው።

ዕቅዱ እንዳለ አልተፈጸመም። በ1952 በግብፅ ላይ የተነሣው አዲስ መንግሥት ማደሪያው በሌሎች አገሮች ሳይሆን በራሱ መሬት ላይ እንዲሆን ፈለገ። ሥራው በ1960 ተጀምሮ በ1970 የተጠናቀቀው ከፍተኛው የአስዋን ግድብ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለተከታታይ ክፉ ዓመታት ታስቦ የተሠራ ነው። ከጀርባው የኸርስት ሐሳብ አለ። ለዚህ ምርጫ የተከፈለው ዋጋም ቀላል አይደለም፤ በበረሃው ፀሐይ በየዓመቱ ወደ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚተን ይገመታል።

ከግድቡ በፊት በኖቬምበር 1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ተከፋፈሉ። ከ84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ላይ 10 ቢሊዮን ለትነት ተቀንሶ 55.5 ቢሊዮን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሆነ። ከውሃው ወደ 86 በመቶ የሚሆነውን የምታመነጨው ኢትዮጵያ በስምምነቱ አልነበረችም። በዚያ ጊዜ የዓባይን ተፋሰስ በእኛ በኩል በስፋት የሚያጠና ሥራ ገና መጀመሩ ነበር፤ በአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ትብብር ከ1958 እስከ 1964 የተካሄደው ጥናት ማለታችን ነው። ሌላው ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ መዝገብ ይዞ ሲቀመጥ እኛ ዘንጉን ገና እየተከልን ነበር።

ክፉዎቹ ዓመታት መጡ

ኸርስት በ1968 በ88 ዓመታቸው ከግብፅ ተመለሱ። በዲሴምበር 7 ቀን 1978 በ98 ዓመታቸው አረፉ። የስሌታቸውን ትልቁን ፈተና አላዩም።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ክፉ ዓመታት ተያይዘው መጡ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች የደረሰውን ከእኛ መካከል ብዙዎች በዓይናችን አይተነዋል፤ ያላየን ከወላጆቻችን ሰምተናል። በዚያው ጊዜ በግብፅ የአስዋን ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየጎደለ ሄዶ በ1988 የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ለማቆም ጥቂት ሜትር ብቻ እስኪቀር ወረደ። በ1980 ዓ.ም. ክረምት የጣለው ከባድ ዝናብ ታደገው።

ልብ በሉ፤ ዝናቡ የቀረው በአንድ ተራራ ላይ ነው። ከተራራው ግርጌ ሩቅ የሚኖረው ሕዝብ ሐይቁ ጎደለበት፤ ተራራው ላይ የሚኖረው ሕዝብ ልጆቹን ቀበረ። ልዩነቱን ያመጣው ዝናቡ ብቻ አይደለም። ጦርነቱም፣ አስተዳደሩም፣ ድህነቱም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን አንዱ ለተከታታይ ክፉ ዓመታት የሚሆን ማደሪያ ነበረው፤ ሌላው የውሃም የእህልም ማደሪያ አልነበረውም። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጥቁር ዓባይ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከሚያመጣው ውሃ ጋር ይመጣጠናል። ዓባይ በአገሩ ማደሪያ አገኘ። አሁን ኸርስት የጠየቁት ጥያቄ ወደ እኛ ባለሙያዎች ተዛውሯል፤ በጥጋቡ ዓመት ምን ያህል ይያዝ፣ ክፉ ዓመታት ሲደራረቡ እንዴት ይለቀቅ? መልሱ የሚገኘው ከመዝገብ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

የእኛ ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ አይደለም። በመካኒሳና በላፍቶ አልፎ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ ቆቃ ይደርሳል። በዳርቻው ለአሥርተ ዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል። በክረምት ከአፉ ወጥቶ ማሳ ሲያጥብ፣ በበጋ ደግሞ ሲቀጥንና ሲቆሽሽ ያየ ገበሬ የወንዝን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚጎድለን ዕውቀት ሳይሆን መዝገብ ነው። አምና ውሃው የት ደርሶ ነበር፣ ጎርፉ በስንት ቀን መጣ፣ ጉድጓዱ በየትኛው ወር ደረቀ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በሰው ትዝታ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ትዝታው ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለዚህ መጻፍ ነው። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ፣ የዝናብ መለኪያና አንድ ደብተር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚያነብ ታማኝ ሰው ነው። የኸርስት ሳይንስ የቆመው በስማቸው በማይታወቁ፣ በየዘመኑ ምሰሶውን እያነበቡ ቁጥሩን በጻፉ ሰዎች ላይ ነው። የማኅበራት ጸሐፊዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ሥራ ባያዩት መልካም ነው።

ሁለተኛው፣ ከላይ ያለው ለታች ያለው ቶሎ እንዲነግር ነው። የሮዛሪስ ቴሌግራፍ ያደረገውን ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግና ከክረምት በፊት ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመሆን ዕድሉን ያሳውቃል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የኤልኒኖ ድርቅ ብዙ አካባቢዎችን ሲጎዳ ምልክቱ አስቀድሞ በውቅያኖስ ሙቀት ላይ ታይቶ ነበር። ትንበያ ጥቅም የሚሰጠው ግን ዘር ከመገዛቱና መሬት ከመከራየቱ በፊት አባሉ ጆሮ ሲደርስ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ስለ መጠባበቂያ ነው። ማኅበሮቻችን ከተጣራ ትርፍ ላይ በሕግ መጠባበቂያ ይይዛሉ። በጥሩ ዓመት ይህ ገንዘብ ለምን ተቀምጦ ይኖራል፣ ለአባላት ይከፋፈል የሚል ድምፅ መሰማቱ የማይቀር ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የአባላት ነውና። መልስ ሲሰጥ ግን አማካይ ዓመትን ሳይሆን ተከታታይ ክፉ ዓመታትን በማሰብ ይሁን። አንድ ክፉ ዓመት ያሻግራል ተብሎ የተያዘ ጎተራ ሦስት ክፉ ዓመታት ሲደራረቡ ባዶ ይሆናል። ዓመታት አንድ በአንድ እየተፈራረቁ እንደማይመጡ የግንበኛው ልጅ ከሺህ ዓመት በላይ በሆነ መዝገብ አሳይተውናል።

ኸርስት ለሌላ አገር ሠርተው አልፈዋል። ዕውቀት ግን ድንበር የለውም፤ የእኛ ውሃ ያስተማራቸውን እኛም ልንማረው ይገባል። ዩኒየናችን በዚህ የምሥረታ በዓል ያለፉትን ዓመታት ሲቆጥር፣ የትኞቹ የጥጋብ፣ የትኞቹ የችግር እንደነበሩ በመዝገብ ያስፍር። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ጎተራቸውን የሚለኩት በእኛ ደብተር ነው።

ለመላው አባላትና ለሥራ አጋሮቻችን መልካም በዓል ይሁንላችሁ።